ዓባይ በረሃ ሦስት ጊዜ የበላው ኩሽኔታ፦ የአንዲት ዶልፊን ጉዳይ

መነሻ

አንድ የጎማ ኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማው የሚሽከረከርበት ባለ ሮለር ብረት፣ በአምስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መቀየሩ ብቻውን ይህን ያህል የሚያስጽፍ አይደለም። ጋራዥ የዋለ ሰው እንዲህ ያለውን ብዙ አይቷል። ጉዳዩን መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግኩት ኩሽኔታውን የቀየርን ሰዎች ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ጥፋቱን በኩሽኔታው አላክከን ስላለፍን ነው። ጥፋተኛው ሌላ ነበር። እሱንም ያገኘሁት ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን ዓባይ በረሃ ወርጄ ነው።

የማንንም ስም አልጠቅስም። ባለንብረቷን እትዬ እላቸዋለሁ፤ እኛም ሰፈር የሚጠሩት እንዲሁ ነው።

መኪናዋና መንገዷ

መኪናዋ ዶልፊን የምንላት የቶዮታ ሚኒባስ ናት። ናፍጣ ነች፤ የምትነዳው በኋላ እግሯ ነው። እትዬ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በእሷ ገቢ ነው። ደብረ ማርቆስ ታድራለች፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሳ ትመለሳለች።

ሉማሜንና የትኖራን አልፋ ደጀን እስክትደርስ መንገዱ ደልዳላ ነው። ደጋ ነው፤ ነፋሱም ቀዝቃዛ ነው። ከደጀን በኋላ ግን መሬቱ ይከዳል። እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት ነው። ከደጀን አፋፍ ዓባይ ላይ እስካለው ሕዳሴ ድልድይ ወደ 1,300 ሜትር ይወረዳል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተጨማድዷል። መታጠፊያው ብዙ ነው። ታች ሲደርሱ ደግሞ አየሩ ራሱ ይጋረፋል።

አንድ ቀን ቁልቁለቱን ወረቀት ላይ አሰላሁት። መኪናዋ ሰውና ሻንጣ ጭና 2.8 ቶን ገደማ ብትመዝን፣ ያን ከፍታ ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ወደ 36 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ይህ ከ100 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ 100 ዲግሪ ያደርሳል። ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይወስዱታል። የቀረው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ሾፌሩ ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በባዶ ከወረደ ደግሞ ሞተሩ የሚያግዘው ነገር የለም።

የፊት ፍሬኗ ዲስክ ነው። ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስክ የሚታሰረው ሀቡ፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበት ብረት ላይ ነው። ሀቡ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታ አለ፤ ከውስጥ በኩል ትልቁ፣ ከውጭ በኩል ትንሹ። ስለዚህ ዲስኩ የጠጣውን ሙቀት ኩሽኔታውና ውስጡ ያለው ማለስለሻ ግራሶ ይካፈሉታል። ኩሽኔታዎቹ ባለ ሾጣጣ ሮለር ናቸው። የውጭ ቀለበታቸው ሀቡ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል፤ ሮለሮቹን የያዘው ክፍል ዘንጉ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱንም ቦታቸው ላይ የሚይዛቸው አንድ ዳዶ ነው። እሱ ከጠበቀ ይቃጠላሉ፤ ከላላ ይንቀጠቀጣሉ።

ችግሩ

ሾፌሩ መጀመሪያ የሰማው ድምፅ ነው። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስትሄድ ከፊት በቀኝ በኩል ታጓራለች። “ወፍጮ ቤት የገባሁ ነው የሚመስለኝ” ነበር ያለኝ። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞረው ድምፁ ይጨምራል፤ ወደ ቀኝ ሲያዞረው ይቀንሳል። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ወደ ግራ ስትታጠፍ ጭነቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይዞራል። የታመመው ኩሽኔታ ጭነት ሲበዛበት ይጮሃል።

ሁለተኛው ምልክት የባሰ ነበር። ጠመዝማዛ መንገድ ካለፈ በኋላ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ የመጀመሪያዋን አንዴ ጥልቅ ይላል። ሁለተኛ ሲረግጠው ደህና ነው። አየር ገብቶበት ይሆናል ብለው ሁለት ጊዜ የፍሬን ዘይት አስቀይረዋል። ነገሩ ግን የአየር አልነበረም። ኩሽኔታው ሲላላ ዲስኩ በመታጠፊያ ላይ ይወላገድና እሱን የሚጨምቁትን የፍሬን ሸራዎች ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ርግጫ ሸራውን ወደ ቦታው በመመለስ ያልቃል። ዓባይ ቁልቁለት ላይ ይህ የሚቀለድበት አይደለም።

ከእኔ በፊት የተደረገው

መጀመሪያ የቀየረው ጋራዥ አዲስ ኩሽኔታ አስገባ፤ የውጭ ቀለበቱን ግን አልቀየረም። አሮጌው ቀለበት ሀቡ ውስጥ ስለጠበቀ ማውጣቱ አድካሚ ነው። “ለስላሳ ነው፣ ይቆያል” ተባለ። ሮለሩና ቀለበቱ እርስ በርስ የሚላመዱ ጥንዶች ናቸው። ያረጀ ቀለበት አዲሱን ሮለር ቶሎ ያቆስለዋል። ሁለት ወር አልሞላውም።

ሁለተኛው ቀያሪ ቀለበቶቹንም ቀየረ። አሮጌዎቹን ሲያወጣ ግን የሀቡን ውስጥ በመሮ ፋቀው። አዲሱ ቀለበት ላላ ሲልበት ሀቡን ዙሪያውን በፑንታ ወጋግቶ አጠበበው። ይህ ብዙ ቦታ የሚደረግ ነገር ነው። ለጊዜው ይይዛል። መኪናው ሲሞቅ ሀቡ ይሰፋል፤ ቀለበቱም ቦታው ላይ መዞር ይጀምራል። ይህኛው ስድስት ሳምንት ቆየ።

የእኔ ተራ

እትዬ መኪናዋን ይዘው ሲመጡ በፌስታል አሮጌ ኩሽኔታ ይዘው ነበር። “ከዚህ በፊት የወጣው ይኸው። እኔ እንጃ ምን እንደሚበላው፤ አንተ እየው” አሉኝ። በጣም ደስ አለኝ። አሮጌ ኩሽኔታ ለሚያነበው ሰው ደብዳቤ ነው። ባለንብረቶች ይጥሉታል፤ መካኒኮችም አይጠይቁም።

በናፍጣ አጥቤ ፀሐይ ላይ አየሁት። ሮለሮቹ ጫፋቸው ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም ነበራቸው። ይህ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ነው። ቀለበቱ ላይ ደግሞ ቡናማ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ልክ እንደ ሮለሮቹ አቀማመጥ። አንዱን መስመር በጥፍሬ ስነካው ያዘኝ። ያኔ ሰማያዊውን ብቻ ይዤ ሄድኩ። ቡናማዎቹን መስመሮች አየሁ እንጂ አልጠየቅኳቸውም። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

ሙቀቱን መከታተል ጀመርኩ። ከርቀት ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ተውሼ መኪናዋን በደልዳላው መንገድ ወደ የትኖራ አቅጣጫ ነዳኋት። ፍሬን የያዝኩት ለግድ ብቻ ነው። ቆሜ ስለካ የግራው ሀብ 41 ዲግሪ፣ የቀኙ 74 ዲግሪ ሆነ። ፍሬን ሳይያዝ እንዲህ የሚግል ጎማ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው። ፈታሁት። ሸራዎቹን የያዘው የፍሬኑ ካሊፐር ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ። አንደኛው ዝጎ ነክሷል። ሸራው ዲስኩን ቀን ከሌት ሲፍቀው ከርሟል።

እንዲህ አደረግኩ። የተወጋጋውን ሀብ ጥዬ ጤነኛ ያገለገለ ሀብ አስገዛሁ። የካሊፐሩን ፒን ቀየርኩ፤ ላስቲኩንም ጭምር። ሁለቱንም ኩሽኔታ ከነቀለበታቸው፣ ግራሶው እንዳይወጣ የሚዘጋውን ሲልም አዲስ አስገባሁ። ቀለበቶቹን ያስገባኋቸው በፕሬስ ነው፤ በመዶሻ መትቼ አይደለም።

ኩሽኔታ ስንገዛ ካርቶኑን አላየንም። ካርቶን ማንም ያሳትማል። እንደ ኮዮ፣ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን ያሉ የታወቁ ፋብሪካዎችን ስም የያዘ ማስመሰያ በየቦታው አለ። ያየነው ቀለበቱ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ስም ጥርት ብሎ የተቀረጸ መሆኑን፣ ሮለሩና ቀለበቱ የአንድ ፋብሪካ መሆናቸውን፣ የሮለሮቹ ገጽ አንድ ዓይነት አጨራረስ እንዳለው ነው። ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርገን ቁጥሩን አመሳከርን። አንዱ ሱቅ ያቀረበልን ጽሑፉ በጣት ሲታሽ ለቀቀ። ትተነው ወጣን።

ግራሶውንም ቀየርን። ተራው የሊትየም ግራሶ ቀልጦ መንጠባጠብ የሚጀምረው ከ180 እስከ 190 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሊትየም ኮምፕሌክስ የሚባለው ወደ 260 ዲግሪ ይደርሳል። የድሮው ካልሲየም ግራሶ ደግሞ 100 ዲግሪ አካባቢ ላይ እጁን ይሰጣል። ቀለም አይታችሁ አትምረጡ፤ ቀለሙ የፋብሪካው ምርጫ ነው። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አሮጌውን ግራሶ ሙሉ በሙሉ ሳያጥቡ አዲስ መጨመርም አይገባም። የማይስማሙ ግራሶዎች ሲቀላቀሉ ይቀጥናሉ። ሮለሮቹ መካከል እስኪሞላ ግራሶውን በመዳፍ አስገባሁ። የሀቡን ሆድ ግን ጢም አድርጌ አልሞላሁም፤ ከመጠን በላይ የሞላ ግራሶ ራሱ ሲናጥ ሙቀት ይፈጥራል።

ዳዶውን በመመሪያው ልክ፣ ሀቡን እያሽከረከርኩ አጠበቅኩ። ከዚያ አላልቼ በእጅ ብቻ መለስኩት። ሀቡን ማሽከርከሩ ሮለሮቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ነው። ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ኮፒሊያ አዲስ አስገብቼ ዘጋሁ።

አራት ሳምንት ቆይቶ

ድምፁ ጠፋ። ፔዳሉም ተስተካከለ። እትዬ አመሰገኑኝ። እኔ ግን “ከአንድ ወር በኋላ ፈትቼ ላያት እፈልጋለሁ፤ አላስከፍልም” አልኳቸው። እንኳንም አልኩ።

የሀቡን ክዳን ስከፍተው ግራሶው ቀለሙ ተለውጧል። ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል። በጣቴ ሳሸው ቀጥኗል፤ ውሃ ውሃ ይላል። በቀለበቱ ላይ እነዚያ ቡናማ መስመሮች መታየት ጀምረዋል። አሁን ገባኝ። ውሃ የገባበት ኩሽኔታ ሌሊት ሲቆም፣ ሮለሩ ቀለበቱን በሚነካበት መስመር ላይ ዝገት ይጽፋል። በማግስቱ ሮለሩ በዚያ ዝገት ላይ ይሮጣል።

ግን ወቅቱ ጥር ነው። ዝናብ የለም። ወንዝ አትሻገርም። እጥበትም በሳምንት አንዴ ነው። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? ሾፌሩን ጠየቅኩት፤ “ውሃ የምትነካበት ቦታ የለም” አለኝ። አልዋሸኝም። ለእሱ እንደ ውሃ የሚቆጠር ነገር አልነበረም።

በረሃው ውስጥ ያየሁት

በሚቀጥለው ጉዞ አብሬ ሄድኩ። ከደጀን ስንወርድ ሾፌሩ በአራተኛ ማርሽ ነበር፤ እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳርፎ። የሸራ ሽታ መስኮቱን አልፎ ገባ። ተሳፋሪዎቹ ሽታውን ለምደውታል፤ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ እንጂ ማንም ምንም አላለም።

ድልድዩን ተሻግረን ጥቂት እንደሄድን ዳር ይዘን ቆምን። ረዳቱ ጀሪካኑን ይዞ ዘለለ። ወደ ቀኝ ጎማ ሄደና ውሃውን በቸርኬው ቀዳዳ ለቀቀው። ሽሽሽ አለ፤ እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። ወደ ግራው ዞረ፤ ጀሪካኑ ውስጥ የቀረችው ግን ትንሽ ነበረች። ሁልጊዜ የሚጀምረው ከቀኝ ነው፤ የሚወርደው በቀኝ በር ስለሆነ። የግራው ኩሽኔታ ለምን እንደተረፈ ያኔ ገባኝ።

“ጋሼ፣ ካልቀዘቀዘ እኮ ይነዳል!” አለኝ ስጠይቀው። ልጁ መኪናዋን ሊያድን ነው የሚሮጠው። ይህን መርሳት አልፈልግም። ከእሱ በፊት የነበረው ረዳት ያሳየውን ነው የሚያደርገው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀቡ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በሲሉ በኩል ይወጣል። ድንገት ውሃ ሲፈስበት የቀረው አየር ይሰበሰባል። ባዶ ቦታውን ለመሙላት ከውጭ ይስባል። ከውጭ ያለው ደግሞ ውሃ ነው። ሲሉ የተሠራው ግራሶ እንዳይወጣና አቧራ እንዳይገባ ነው፤ እንዲህ ያለውን መሳብ አይችለውም። በዚያ ላይ የጋለ ዲስክ ድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ረዳቱ በንግግር አላመነኝም። ጎሃ ጽዮን ሻይ ቤት ደርሰን ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ አስመጣሁ። ትኩስ ውሃ ጨምሬበት ነቀነቅኩና ደፋሁት፤ ወዲያው ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁ። ከላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሳፈስበት ፕላስቲኩ ቋ ብሎ ጎኑ ተጨማደደ። ረዳቱ ከእጄ ወስዶ አየው። “ይኼ ነው ውሃውን የሚጠባው?” አለ። ከዚያ ወዲህ ጀሪካኑ ለራዲያተር ብቻ ሆነ።

የሠራውና ያልሠራው

አራተኛውን ኩሽኔታ ያስገባሁት ከዚያ ጉዞ በኋላ ነው። ከበፊቱ የተለየ ዕቃ አልተጠቀምኩም። የተለወጠው አነዳዱና አቆማመጡ ነው። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ትወርዳለች። ሾፌሩ እግሩን ፍሬኑ ላይ አያሳርፍም። ጠንከር አድርጎ ይይዛል፣ ይለቃል። በለቀቀበት ጊዜ ዲስኩ ነፋስ ያገኛል። ታች ሲደርሱ ሳይቆሙ ዳገቱን ይቀጥላሉ፤ ሽቅብ ሲወጣ ፍሬን ስለማይያዝ ጎማው በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል።

አብሬ በሄድኩበት ቀን ታች ስንደርስ የቀኙ ሀብ 112፣ የግራው 108 ዲግሪ ነበር። በአዲሱ አነዳድ ስለካ 86 እና 84 ሆነ። ሁለቱ መቀራረባቸው የካሊፐሩ ጥገና መሥራቱን ያሳያል። ሁለቱም መውረዳቸው ደግሞ የሾፌሩ እግር ሥራ ነው።

ያልሠራውን ልንገራችሁ። የተሻለ ግራሶ ብቻውን አላዳነም። ጥሩ ኩሽኔታ ብቻውን አላዳነም። ያን ሁሉ ወጪ እትዬ አውጥተው ውሃው በአራት ሳምንት አበላሽቶት ነበር። ሾፌሩን “ፍጥነት ቀንስ” ብዬ መምከሬም ፋይዳ አልነበረውም። ቀስ ብሎ፣ ግን ፍሬን ላይ ተኝቶ መውረድ ሙቀቱን አይቀንሰውም። ማርሽ ቁጥሩን ስነግረው ነው የሠራው።

ወደ ሌሎች መኪኖች ሲሻገር

በእሽቅድምድም ሜዳ መኪና የሚነዱ ሰዎች ይህን ችግር ከእኛ በላይ ያውቁታል። በየዙሩ ከከፍተኛ ፍጥነት በኃይል ፍሬን ይይዛሉ። አስፋልት ላይ የሚጣበቅ ጎማቸው በመታጠፊያ ላይ ኩሽኔታውን ወደ ጎን ይጠመዝዘዋል። ሙቀትና የጎን ጫና አንድ ላይ ይመጡበታል። ስለዚህ እነሱ ኩሽኔታን እንደ ፍሬን ሸራ የሚያልቅ ዕቃ አድርገው ነው የሚይዙት። ከመንዳታቸው በፊትና በኋላ ጎማውን አንስተው ያንቀሳቅሱታል። ያ ፔዳል ጥልቅ የሚልበት ምልክት እነሱም ዘንድ የታወቀ ነው። ለእኔ የዓባይ ቁልቁለት ከእነሱ ሜዳ የሚለየው መኪናችን ውስጥ 14 ሰው በመኖሩ ነው።

ጎማውን መፈተሽ ቀላል ነው። በክሪክ አንሱት። ከላይና ከታች ይዛችሁ ግፉት፣ ሳቡት። ከተንቃነቀ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ። ፍሬን ሲረገጥ መንቃነቁ ከጠፋ ችግሩ የኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ጎማውን የተሸከመውን ብረት ከመኪናው ጋር ወደሚያገናኘው ቦል ጆይንት ሂዱ። ከዚያ እያሽከረከራችሁ ሌላውን እጃችሁን ጎማውን በተሸከመው ብረት ላይ አድርጉ። የሻከረ ኩሽኔታ ጆሮ ከመስማቱ በፊት መዳፍ ላይ ይታወቃል።

ብዙ አዳዲስ መኪኖች ኩሽኔታቸው ከፋብሪካ የታሸገ ነው። ግራሶ አይጨመርበትም፤ ከሻከረ ሙሉው ይቀየራል። እዚያ ላይ የሚሠራው ስህተት ዳዶው ነው። ጎማ በሚነዳው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ ኩሽኔታውን አንድ ላይ የሚይዝ ነው። በግምት ሳይሆን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቶርክ ቁልፍ ይጠበቅ። እሱ በልኩ ሳይጠብቅ መኪናውን መሬት ላይ አታሳርፉ፤ ክብደቱ አዲሱን ኩሽኔታ ያበላሸዋል። ባሕር ዳር ላይ ወጣቶች ለመልክ ሲሉ ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ስፔሰር ሲያስገቡ አያለሁ። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ስፔሰር ያስገባ ሰው ፍተሻውን ያዘውትር።

እጥበትንም አስቡበት። ከቁልቁለት የገባ መኪና ወዲያው በግፊት ውሃ ሲታጠብ የሚሆነው፣ ረዳቱ በጀሪካን ያደርገው የነበረው ነው። ሻይ ጠጡ፤ ጎማው ይብረድ፤ ከዚያ ይታጠብ።

አሁን ያለችበት

አራተኛው ኩሽኔታ ዘጠኝ ወር ሞላው። ክረምቱን አልፏል። በየሦስት ወሩ ክዳኑን እከፍታለሁ፤ ግራሶው ቀለሙን እንደያዘ ነው። አንዴ ዳዶውን ትንሽ አስተካክያለሁ፤ አዲስ ኩሽኔታ ቦታውን ሲይዝ እንዲህ ይሆናል።

ረዳቱ አሁን ጎሃ ጽዮን ሲደርሱ የእጁን ጀርባ ወደ አራቱም ጎማዎች ያስጠጋል፤ ሳይነካ። አንደኛው ከሌሎቹ ከጋለ ለሾፌሩ ይነግራል። ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። “ጋሼ፣ የኋላ ግራው ከሌሎቹ ትንሽ ይሞቃል፤ ድምፅ ግን የለውም። እናምጣት?” አለኝ። አምጡዋት አልኩት። ስፈታው የእጅ ፍሬኑ ገመድ በደንብ አይመለስም ነበር። ኩሽኔታው ገና ምንም አልሆነም።